መዝገቡ የት ይደር? የሊኑክስ ሎግ ሶፍትዌር ምርጫ ታሪክ ከወልድያ ሲታይ

(በወልድያ ለመምህራንና ለተማሪዎች በቃል የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ)



የዛሬው ርዕሴ ስሙ ሲጠራ ደረቅ ነው። ፌዶራ፣ ዴቢያንና እነርሱን የመሳሰሉት የሊኑክስ ስርጭቶች በማሽኑ ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ የሚመዘግብላቸውን ሶፍትዌር እንዴት መረጡ? መርጠውስ ለምን ደጋግመው ለወጡ? ይህ ለቴክኒክ ክፍል ስብሰባ እንጂ ለታሪክ ንግግር አይሆንም የሚል ሰው በመካከላችሁ ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ አስብ ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝን ነገር ግን አስቀድሜ መናገር ይገባኛል፤ በጉዳዩ ውስጥ የእኔ እጅ አለበትና።

ከዓመታት በፊት ስሙን በማልጠራው አንድ ተቋም ሰርቨሮችን እቆጣጠር ነበር። አንድ ማለዳ የአንድ ተማሪ ውጤት ተለውጦ ተገኘ። ለውጡ የተደረገው በአንዲት ወጣት የሬጅስትራር ሠራተኛ መግቢያ ስም ነው። እርሷ በዚያ ምሽት ቢሮ እንዳልነበረች፣ የይለፍ ቃሏን ግን ቢያንስ ሁለት የሥራ ባልደረቦቿ እንደሚያውቁት ተናገረች። የውጤቱ ቋት ስሟን እንጂ የተገባበትን ኮምፒዩተር አይመዘግብም ነበር። ይህን የሚያውቀው የሰርቨሩ ሎግ ነው። ሎጉን ስንከፍተው የመጀመሪያው መስመር የተጻፈው ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረው መብራት ከተመለሰ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበረ አንድም ቃል የለም።

ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ከወራት በፊት የዚያ ሰርቨር ዲስክ በሎግ ፋይሎች ሞልቶ ሥራ አቁሞ ነበር። ዲስኩን ያጸዳሁት እኔ ነኝ። ሥርዓቱ ሴንትኦኤስ 7 ነበርና ሁለት መዝጋቢዎች ጎን ለጎን ሲሠሩ አየሁ፤ አንዱ አርሲስሎግ፣ ሌላው ጆርናልዲ። ለአንድ ሥራ ሁለት ሠራተኛ ምን ያደርጋል ብዬ አርሲስሎግን አራገፍሁት። የቀረው ጆርናልዲ በዚያ ስርጭት ነባሪ ቅንብር የሚጽፈው ዲስክ ላይ ሳይሆን በጊዜያዊው ማስታወሻ ላይ እንደ ነበር አላወቅሁም። መብራቱ ሲሄድ መዝገቡም አብሮ ሄደ። አጣሪው ኮሚቴ አጥፍታለች ለማለትም፣ ነጻ ናት ለማለትም ማስረጃ አጣ። ሠራተኛዋ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረች፤ ሐሜቱ ግን ተከትሏት ሄደ።

እነዚያ ሁለት መዝጋቢዎች ለምን ጎን ለጎን እንደ ተቀመጡ የገባኝ ታሪካቸውን ሳነብ ነው። ዛሬ የምነግራችሁም ያንን ታሪክ ነው። የውጭውን ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ነው። ኤሪክ ኦልማን ሴንድሜይል የተባለውን የኢሜይል ማስተላለፊያ ይሠራ ነበር። መልእክት ከማሽን ወደ ማሽን ሲሻገር መንገድ ላይ ሲቀር ምን እንደ ደረሰበት የሚናገር መዝገብ አስፈለገውና ሲስሎግን ጻፈ። ሌሎች ፕሮግራሞችም ወዲያው ተጠቀሙበት፤ እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ የየራሱን ማስታወሻ በየራሱ ፋይል ይጽፍ ነበርና። በ1983 በወጣው የበርክሌይ ዩኒክስ 4.2 ውስጥ ሲስሎግ አብሮ ነበር።

አሠራሩ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን ካለው መዝገብ ቤት ብዙም አይርቅም። አንድ ጸሐፊ ተቀምጦ ከየክፍሉ የሚመጣውን ይቀበላል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ወደሚገባው ፋይል ያስገባዋል። ቁጥሩ ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው መልእክቱ የመጣበት ምድብ ነው፤ ከ0 እስከ 23 ይደርሳል። ሁለተኛው የክብደቱ ደረጃ ነው፤ ማሽኑ ከአገልግሎት ውጭ ሆነ ከሚለው 0 እስከ ተራ የማረሚያ ማስታወሻው 7። ምድቡ በ8 ተባዝቶ ደረጃው ይደመርበታል። በእኔ ሴንትኦኤስ ሰርቨር ላይ ሰው መግባቱን የሚናገር መልእክት ምድቡ 10፣ ደረጃው 6 ነበረ፤ ስለዚህ ወደ ሌላ ማሽን ቢላክ ኖሮ 86 የሚል ቁጥር በግንባሩ ይዞ በደረሰ ነበር። ከምድቦቹ መካከል ዩዩሲፒ ለተባለው የጥንት የስልክ መስመር መላላኪያ የተሰጠው ቁጥር 8 ዛሬም አለ። የሚጠቀምበት ሰው በሕይወቴ አላጋጠመኝም፤ መዝገብ ቤት የቆየ የፋይል ቁጥር እንደማይጥል እዚህም ይታያል።

ይህ ጸሐፊ ሁለት ድክመት ነበረበት። አንደኛ፣ የተነገረውን ሁሉ አምኖ ይጽፋል፤ አንድ ፕሮግራም በሌላው ስም ቢናገር መታወቂያ አይጠይቅም። ሁለተኛ፣ መልእክት ወደ ሌላ ማሽን ሲልክ ከጋራ ወደ ጋራ እንደሚጣራ ሰው ነው፤ ጮኾ ይመለሳል እንጂ መሰማቱን አይጠብቅም። የተጠቀመበት የዩዲፒ መላላኪያ የደረሰኝ ማረጋገጫ የለውም።

ሦስተኛውን ጠባዩን ብዙ ጸሐፊዎች ሳይጠቅሱት ያልፋሉ፤ ለእኛ አገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ይመስለኛል። በ1990ዎቹ የሊኑክስ ስርጭቶች የያዙት የዚሁ ሶፍትዌር ዝርያ ሲስኬሎግዲ ይባላል። ሲስኬሎግዲ አንድ መስመር በጻፈ ቁጥር መስመሩ በእርግጥ ዲስኩ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ይጠብቅ ነበር። ሥራ በበዛበት የኢሜይል ሰርቨር ላይ ይህ ማሽኑን ያዘገያል። ስለዚህ አስተዳዳሪው በቅንብሩ ውስጥ ከፋይሉ ስም ፊት አንዲት የሰረዝ ምልክት ቢያስቀምጥ ጥበቃው ይቀርለታል፤ መመሪያው ግን እንዲህ ካደረግህ ማሽኑ ድንገት ሲወድቅ መስመር ሊጠፋብህ ይችላል ብሎ ያስጠነቅቃል። ልብ በሉልኝ፤ ነባሩ ልማድ ጥንቃቄ ነበር፤ ፍጥነትን የሚፈልግ ሰው ነው ሰረዝ የሚያስቀምጠው።

ሲስሎግ ሃያ ዓመት ያህል ሲሠራበት ከኖረ በኋላ ጠባዩ በሰነድ የሰፈረው በኦገስት 2001፣ አር.ኤፍ.ሲ. 3164 በተባለው ጽሑፍ ነው። ያም ቢሆን ደንብ ከመደንገግ ይልቅ ሲሠራ የታየውን መዘገበ። በዚህ መካከል ተተኪዎች ተነሥተዋል። በ1998 ሀንጋሪያዊው ባላዥ ሻይድለር ሲስሎግ-ኤንጂን ጀመረ። በ2004 ጀርመናዊው ራይነር ጌርሃርድስ ከሲስኬሎግዲ ኮድ ተነሥቶ አርሲስሎግን ጀመረ። ሁለቱም መልእክትን አስተማማኝ በሆነ መስመር ወደ ሌላ ማሽን መላክን፣ ወደ ዳታቤዝ መጻፍንና መልእክትን በይዘቱ መለየትን አመጡ።

ስርጭቶቹ መምረጥ ነበረባቸው። ሱሴ ለዓመታት ሲስሎግ-ኤንጂን ያዘ። ፌዶራ በኖቬምበር 2007 በወጣው 8ኛ እትሙ፣ ዴቢያን ደግሞ በፌብሩዋሪ 2009 በወጣው 5ኛ እትሙ አርሲስሎግን መረጡ። በእኔ ግምት የሲስሎግ-ኤንጂ የቅንብር ቋንቋ ይበልጥ የጠራ ነበር፤ ለተማሪ ሳስረዳም የሚቀለኝ እርሱ ነው። አርሲስሎግ ግን የቀድሞውን የሲስኬሎግዲ የቅንብር ፋይል እንዳለ ያነብብ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ አስተዳዳሪዎች አንድ መስመር ሳይለውጡ ማሽናቸውን ማሳደግ ቻሉ። ስርጭትን የሚመራ ሰው የሚፈራው የተጠቃሚውን ቅሬታ ነውና ምርጫው አያስደንቅም።

ሳይወራለት ያለፈው ለውጥ ሌላ ነው። አርሲስሎግ ከ3ኛው ትውልዱ ጀምሮ በየመስመሩ ዲስኩን መጠበቁን ትቷል። የቀድሞው የቅንብር ፋይል እንዳለ ይነበባል፤ ሰረዝ ያለበትም የሌለበትም መስመር ግን አንድ ሆነ። ጥንቃቄ የሚፈልግ ሰው አሁን ራሱ ጠይቆ ማስከፈት አለበት። መብራት በማይጠፋበት የመረጃ ማዕከል ውስጥ ይህ ተገቢ ውሳኔ ነው። በሳምንት ስንት ጊዜ መብራት እንደሚሄድ እየቆጠርን ለምንኖር ለእኛ ግን ማንም ሳይጠይቀን የተወሰነ ውሳኔ ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ በኖቬምበር 2011 ተከፈተ። ሌናርት ፖተሪንግና ካይ ሲቨርስ ጆርናል ያሉትን አዲስ መዝጋቢ ይፋ አደረጉ። ትችታቸው የቆየውን ድክመት በትክክል የነካ ነበር፤ ጸሐፊው የተናጋሪውን ማንነት አያጣራም፤ መልእክቱ ለሰው ዓይን የተጻፈ ልቅ ጽሑፍ ነው፤ ፋይሉን በእጁ ያስገባ ሰው በጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ የፈለገውን መስመር ሊሰርዝ ይችላል። ጆርናልዲ እያንዳንዱን መልእክት በመስኮች ከፋፍሎ ይይዛል። የላኪውን ሂደት ቁጥርና የተጠቃሚ መለያ ከከርነሉ ራሱ ይወስዳል፤ ላኪው ሊዋሽበት አይችልም። በ2012 ደግሞ መዝገቡን በየጊዜው የሚያትም ስልት ተጨመረለት፤ ከታተመ በኋላ የተነካ መዝገብ ማረጋገጫ ቁልፉን በሌላ ቦታ በያዘ ሰው ዘንድ ይጋለጣል።

ተቃውሞው ብርቱ ነበር። ፋይሉ በተራ ጽሑፍ አልተጻፈም፤ ለማንበብ የራሱ መሣሪያ ያስፈልጋል። ማሽኑ ወድቆ ዲስኩን አውጥተህ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ብትሰካው የጽሑፍ ፋይል በማንኛውም መሣሪያ ይነበባል፤ የጆርናል ፋይል ግን መሣሪያውን ይሻል። በተቃውሞው ውስጥ እልህም እንደ ነበር አልክድም፤ ሲስተምዲ የተባለውን ሥርዓት በጠቅላላው የጠሉ ሰዎች ጆርናልዲንም አብረው ጠልተውታል።

ስርጭቶቹ በየራሳቸው መንገድ ሄዱ። ፌዶራ በዲሴምበር 2013 በወጣው 20ኛ እትሙ አርሲስሎግን ከነባሪው ጭነት አወጣ። ሬድ ሃት በ2014 ባወጣው 7ኛ እትም ሁለቱንም አስቀመጠ፤ ጆርናልዲ ከላኪዎቹ ይቀበላል፣ በማስታወሻ ይይዛል፤ አርሲስሎግ ከእርሱ ወስዶ ዲስክ ላይ ይጽፋል። ሴንትኦኤስ 7 የዚህ ግልባጭ ነው። እንግዲህ እኔ ትርፍ መስሎኝ ያባረርሁት ከሁለቱ ሠራተኞች ብዕር የያዘውን ነበር።

ዴቢያን የሄደበትን ቅደም ተከተል ከዚህ ጋር አስተያዩት። በኦገስት 2021 በወጣው 11ኛ እትሙ መጀመሪያ ጆርናልዲ በዲስክ ላይ በቋሚነት እንዲጽፍ አደረገ። አርሲስሎግን ከነባሪው ጭነት ያስቀረው ከዚያ በኋላ፣ በጁን 2023 በ12ኛው እትም ነው። አዲሱን ሳያጸና የቆየውን አላፈረሰም።

ሆኖም ዲስክ ላይ ይጻፋል ማለት ወዲያው ይጻፋል ማለት አይደለም። ጆርናልዲ በነባሪው ቅንብር መዝገቡን ወደ ዲስክ በግድ የሚገፋው በየ5 ደቂቃው ነው። ወዲያው የሚገፋው ሦስቱን ከባድ ደረጃዎች ማለትም ከ0 እስከ 2 ያሉትን ብቻ ነው። የቀረው ከርነሉ በራሱ ጊዜ እስኪጽፈው ድረስ በማስታወሻ ላይ ሊቆይ ይችላል። ሰው በሰላም መግባቱን የሚናገረው መልእክት ደግሞ ደረጃው 6 ነው። ለማሽኑ ጤና ክብደት የሌለው ነገር ለአንዲት ሠራተኛ ስም ክብደቱ ሌላ ነው። የደረጃውን ሚዛን የሠሩት ሰዎች ማሽኑን እያሰቡ እንደ ነበር ግልጽ ነው፤ አልወቅሳቸውም።

ስለ ፊደላችንና ስለ ሰዓታችን ጥቂት ልበል። አር.ኤፍ.ሲ. 3164 ሲጻፍ ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ የገባው በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ሰነዱ ግን በልማድ የሚታወቀው ባለ 7 ቢት የላቲን ፊደል መሆኑን ይናገራል፤ የመልእክቱንም ርዝመት በ1024 ባይት ይወስናል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳልና በአማርኛ የተጻፈ መልእክት ቢበዛ 341 ፊደል ይሆናል፤ ያውም ራስጌው ሳይቆጠር። ዩቲኤፍ-8ን በግልጽ ያስተናገደው በማርች 2009 የወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 5424 ነው። ጸሐፊው ያው ጌርሃርድስ ነው።

ሰዓቱ ይብሳል። የቆየው ሲስሎግ ወሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይጽፋል፤ ዓመተ ምሕረቱንና የሰዓት ክልሉን አይጽፍም። ማሽኑ 03፡14 ያለውን የጥበቃው ተረኛ በመረካከቢያ መዝገቡ ላይ ከሌሊቱ 9፡14 ብሎ ይጽፈዋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ዘርግቶ የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ እያለ አንዱን በሐሰት የሚከስስ የኮሚቴ አባል ግን አይጠፋም፤ እኔ አንድ አጋጥሞኛል። ከመርሳ ወደ ደቡብ ጥቂት ብንሄድ በምናገኛት በውጫሌ በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛውና በጣሊያንኛው ቅጂ የተለያየ ነገር በመናገሩ ምን እንደ ተከተለ ታውቃላችሁ። ሁለት ቅጂ መኖሩ የሚጠቅመው የሚያስተያየው ሰው ሁለቱንም ማንበብ ሲችል ነው። የ2009ኙ ደንብም፣ ጆርናልዲም ዓመቱንና የሰዓት ክልሉን አያሻሙም፤ ለዚህ ብቻ እንኳ የቆየውን አጻጻፍ መተው ይገባል እላለሁ።

በዚያው መንገድ ከውጫሌ አልፈን ሐይቅ እስጢፋኖስ እንደርሳለን። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በዚያ ተጠብቆ ኖሯል፤ በውስጡም የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎበታል። አባቶቻችን የርስትን፣ የስጦታንና የንብረትን ጉዳይ በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ መጻፍ ልማዳቸው ነበር። ለብቻው የተቀመጠ ብራና ይጠፋል፣ ይፋቃልም፤ በወንጌል ላይ የሰፈረውን ግን ለመፋቅ የሚደፍር ጥቂት ነው፤ እሳት ቢነሣ፣ ጠላት ቢመጣ በመጀመሪያ የሚሸሸው እርሱ ነው። መዝገቡን ከምን ጋር ብናስቀምጠው ይተርፋል የሚለውን ጥያቄ እነርሱ አስቀድመው ጠይቀውታል።

እኛ የጠየቅነው ዘግይተን ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያ ደረሰ፤ ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በዚያ ሁኔታ ቆየች፤ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ተዘረፈ፣ ወደመ። ያ ነሐሴ ዴቢያን 11ኛ እትሙን ያወጣበት ወር ነው፤ ይህን የምጠቅሰው ለመገጣጠሙ ብቻ ነው። መዝገብ በዲስክ ላይ በቋሚነት ቢጻፍ፣ ቢታተም፣ በየመስመሩ ቢጠበቅለት፣ ዲስኩን ከነማሽኑ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ሲመጣ አንዱም አይረዳም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንላለን፤ ጽሑፉ ያለው በአንድ ቤት ብቻ ከሆነ ግን የሚወርሰው ዘራፊው ነው።

ስለዚህ በእኛ አገር ለሚሠራ ማሽን ሎግ የሚመርጥ ሰው ከሁሉ በፊት መዝገቡ የት እንደሚያድር ይወስን። ለምሳሌ በመርሳና በወልድያ ግቢዎች መካከል ያለው ርቀት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመርሳው ሰርቨር የሚመዘግበውን ወደ ወልድያ፣ የወልድያው ወደ መርሳ ቢልክ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይናገርለታል። ሁለቱም ከተሞች በአንድ ጊዜ እንደሚጠቁ አይተናልና ሦስተኛ ቅጂ ከሰሜን ወሎ ውጭ ማደር አለበት። የኔትወርክ መስመር ሲቋረጥስ? እዚህ ላይ የዕድሜ ባለጸጋው አርሲስሎግ ብርታቱን ያሳያል፤ መስመሩ ሲቋረጥ መልእክቶቹን ዲስክ ላይ በወረፋ አቆይቶ መስመሩ ሲመለስ የሚልክበት ስልት አለው። ይህን ግን አስተዳዳሪው ራሱ ማዘጋጀት አለበት፤ በነባሪው አይመጣም።

እኔ ዛሬ ብጠየቅ ሁለቱን ሠራተኞች መልሼ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ጆርናልዲ ይቀበል፤ ማን እንደ ተናገረ የሚያውቀው እርሱ ነውና፤ በዲስክም ላይ ይጻፍ። አርሲስሎግ ከእርሱ ወስዶ በተረጋገጠ መስመር ወደ ሌላ ከተማ ይላክ። መግባትንና መውጣትን የሚመለከተው ፋይል ብቻ በየመስመሩ ዲስኩን ይጠብቅ፤ ይህ በቀን ጥቂት መቶ መስመር ነውና ማሽኑን አያዘገየውም። አንድ ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ትቶ ጥሩ ዩፒኤስ መግዛት ይሻላል ይላል። ዩፒኤሱን እደግፋለሁ፤ ባትሪው ሲደክም የሚተካበትን በጀት ግን ማን እንደሚያጸድቅ እስካሁን አልነገረኝም።

የሕግ ወገንም አለው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዝዛል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ስለ ሰው የተሰበሰበ መረጃ ከተፈለገበት ዓላማ በላይ እንዳይቆይ ይጠይቃል። ሎግ የሰውን መግቢያና መውጫ የያዘ ነውና በሁለቱም ፊት ይቆማል፤ ምን ያህል ይቆይ የሚለውን ለሕግ ባልደረቦቼ እተወዋለሁ።

ከንግግሩ በፊት አንዲት ተማሪ፣ ያቺ ሠራተኛ በመጨረሻ ምን ሆነች ብላ ጠይቃኝ ነበር። ከተዛወረች ከአንድ ዓመት በኋላ ሥራውን ለቃ ሄደች። በመጨረሻ ያገኘኋት ጊዜ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ የዚያን ሌሊት መዝገብ ከሌላ ቦታ ማግኘት ይቻል እንደሆነ። አይቻልም አልኋት። ለምን እንደማይቻል አልነገርኋትም፤ ዲስኩን ያጸዳሁት እኔ መሆኔን እስከ ዛሬ አታውቅም።